አክሊሉ ለማና የእንዶድ ፍሬ

ዐይን የሚያየውን ሁሉ ልብ አያስተውለውም። ሰው በየዕለቱ የሚሻገረውን ወንዝ፣ በየጊዜው የሚገለገልበትን ቅጠልና ፍሬ ዕድሜውን ሙሉ ሲያይ ኖሮ፣ በውስጡ ምን እንዳለ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቅ ሊያልፍ ይችላል። በዚያው ስፍራ ግን አንድ ጠያቂ ይመጣና፣ ሌላው ሺህ ጊዜ ያየውን ነገር እንደ አዲስ ተመልክቶ፣ ለብዙ ሕዝብ የሚጠቅም ነገር ያወጣበታል። የእንዶድ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ እናቶች እንዶድን ፈጭተው፣ በውሃ በጥብጠው፣ ነጠላና ጋቢ ሲያነጹበት ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ከእጥበቱ የሚወርደው አረፋ በወንዙ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጠይቀው በሳይንስ መንገድ የመረመሩት ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉ ለማ በ1935 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ዓመቱ የፋሺስት ጣልያን ጦር ኢትዮጵያን የወረረበት ነበረ። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ተከፍተው፣ አገሪቱ ሐኪምም መምህርም መሐንዲስም በምትሻበት ጊዜ ካደጉት ወጣቶች አንዱ ሆኑ። ትምህርታቸውንም እስከ ከፍተኛው ደረጃ ገፍተው፣ በ1964 ዓ.ም. በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። የመረጡት ሙያ በሽተኛን በአልጋው አጠገብ ቆሞ ማከም ሳይሆን፣ በሽታ ከምን ተነሥቶ በማን በኩል ወደ ሰው እንደሚደርስ መመርመር ነበረ። በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የተመለሱበት አገር በመድኀኒት ዕውቀት ድሃ አልነበረም። ለኮሶ ትል የሚሆነውን የኮሶ አበባ፣ እንቆቆውንና መተሬውን ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ኮሶማ በ19ኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ መድኀኒት ቤቶች እስከ መሸጥ ደርሷል። ነገር ግን ስለዚህ ዕውቀት ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር። አንደኛው ወገን የአባቶች መድኀኒት ነውና ሁሉም መልካም ነው ብሎ፣ ልኩንና ጉዳቱን ሳይመረምር ይቀበላል፤ በዚህም ምክንያት ኮሶ ከልኩ በላይ ጠጥተው የተጎዱ ብዙዎች ናቸው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ አዲስ ትምህርት ስለ ቀመሰ ብቻ፣ የገበሬውንና የባልቴቷን ዕውቀት እንደ ተረት ቆጥሮ ይንቃል። የአክሊሉ ለማ ሕይወት ሁለቱም ወገኖች የሳቱትን ሦስተኛውን መንገድ ያሳያል፤ ይኸውም ሕዝቡ የሚያውቀውን በአክብሮት ሰምቶ፣ የሰሙትንም ያለ ርኅራኄ መፈተን ነው።

እርሳቸው ሊቋቋሙት የተነሡበት በሽታ ቢልሃርዚያ ይባላል። ስያሜው የተወሰደው በ1851 ዓ.ም. በካይሮ ሆኖ የበሽታውን ትል ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ወንዞች አጠገብ የሚበዛው የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው። አካሄዱም እንዲህ ነው። የታመመ ሰው በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ፣ የትሉ ዕንቁላል ከሰገራው ጋር ወደ ውሃ ይገባል። ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ዕጭ በውሃው ውስጥ የምትኖረውን ትንሽ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባባታል። በእርሷም ውስጥ ለሳምንታት ቈይቶ፣ አንዱ ብዙ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ልብስ የምታጥበውን ሴት፣ ውሃ የምትቀዳውን ልጃገረድ፣ የሚዋኘውን እረኛ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ሰውዬው ከውሃው አንድ ጉንጭ እንኳ ባይጠጣ፣ እግሩን ስለ ነከረ ብቻ ይያዛል። ትሉም በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት እየኖረ ዕንቁላሉን ይጥላል፤ ዕንቁላሉም ወደ ጉበት እየሄደ ይቀረቀራል። ሕመምተኛው ሆዱን ይቈርጠዋል፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዘዋል፣ በመጨረሻም ጉበቱ ደርቆ ሆዱ ይነፋል። በሽታው ቶሎ አይገድልም፤ ነገር ግን የገበሬውን ጕልበት ያደክማል፣ ሕፃኑንም በትምህርት ገበታው ላይ አንገቱን ያስደፋዋል።

ከዚህ አካሄድ እንደሚታየው፣ ቀንድ አውጣዋ ባትኖር ትሉ ወደ ሰው የሚደርስበት መንገድ ይቋረጣል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሊቃውንት ቀንድ አውጣዋን የሚገድል ኬሚካል በውሃ ላይ መጨመርን ይመክሩ ነበር። ኬሚካሉ ግን ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛና ዋጋውም ከባድ ስለ ነበረ፣ በሽታው የሚበዛባቸው ድሆች አገሮች በየዓመቱ እየገዙ ወንዞቻቸውን ሁሉ ሊያክሙበት አልቻሉም።

አክሊሉ ለማ በ1964 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የሄዱት፣ ቀንድ አውጣዎቹ በየትኛው ወንዝና በየትኛው ስፍራ እንደሚበዙ ለመመርመር ነበረ። በወንዞቹ ዳር እየተዘዋወሩ ሲለቅሙና ሲቈጥሩ፣ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተገኙ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ አጋጣሚ ቆጥሮ ያልፈው ነበር። እርሳቸው ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው በዕቃ አደረጉና፣ ከአጣቢዎቹ አንዲቱን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ለመኗት። ጨመረችላቸው፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። የዚያች ሴት ስም በታሪክ አልተጻፈም፤ የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ግን በእርሷ እጅና በእርሷ እንዶድ ነው።

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅል፣ በአጥርና በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ ተክል ነው። ወንዴና ሴቴ አለው፤ ፍሬ የሚሰጠውም ሴቴው ነው። ተክሉ ከኢትዮጵያም ውጭ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይገኛል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ፣ ደርቆና ተፈጭቶ በውሃ ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። አረፋ የሚሰጠውም ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ጨርቅን የሚያነጣው ይኸው ንጥረ ነገር፣ ቀንድ አውጣን የሚገድል ኀይል ያለው ሆኖ ተገኘ። አክሊሉ ለማ ከወንዙ ዳር ወደ ቤተ ሙከራ ተመልሰው፣ ምን ያህል እንዶድ በምን ያህል ውሃ፣ በስንት ሰዓት ምን እንደሚሠራ በልክ መርምረው፣ የመጀመሪያውን ውጤት በ1965 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

በ1966 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያውም ኀላፊ ሆኑ። ይህ ተቋም በአገሪቱ የሚገኙት ተላላፊ በሽታዎች በአገሪቱ ልጆች እንዲመረመሩ የታሰበበት ስፍራ ነበረ። በዚያም ከቢልሃርዚያ ሌላ፣ በአሸዋ ዝንብ አማካይነት የሚተላለፈውንና በደጋው ሰው ፊት ላይ ጠባሳ የሚተወውን ቁንጭር ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር አጥንተዋል። ወጣት ኢትዮጵያውያንም ናሙና መውሰድን፣ በአጉሊ መነጽር መመልከትን፣ ያዩትን ብቻ መጻፍን በዚሁ ስፍራ ተማሩ።

በቤተ ሙከራ የተገኘው ነገር በሕዝብ መካከል እንደሚሠራ ሊታወቅ የሚችለው ግን በሕዝብ መካከል ሲፈተን ብቻ ነው። ስለዚህ ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ፣ ነገሩ በተጀመረበት በዐድዋ ከተማ፣ ወንዞቹን በእንዶድ ማከም ተያዘ። ሥራው ከመጀመሩ በፊትና ከተፈጸመ በኋላ የሕዝቡ ጤና ተመረመረ። በመጀመሪያ ከመቶው ሰው 63 ያህሉ የቢልሃርዚያ ትል የነበረበት ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ቍጥሩ ወደ 34 ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የሕፃናቱ ነገር ነው። ስድስት ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል በሽታው የተገኘባቸው ከመቶ 50 የነበሩት፣ ወደ 7 ወረዱ። የሕፃናቱ ቍጥር የበለጠ የቀነሰበት ምክንያት ግልጽ ነው። ትልልቆቹ ትሉን አስቀድሞ በሰውነታቸው የያዙ ነበሩ፤ እንዶድም በሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል አይነካውም። ሕፃናቱ ግን ወንዙን ያወቁት ከታከመ በኋላ ነው። እንዶድ የሠራው ሥራ፣ ሕመምተኛን ማዳን ሳይሆን ጤነኛውን በጤናው እንዲኖር መጠበቅ ነበረ።

ይህን ሁሉ አክሊሉ ለማ ብቻቸውን አልሠሩትም። የግብርና ሊቅ የሆኑት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ፣ ከየአውራጃው የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ አትክልተው፣ አወዳድረው፣ ብዙ ፍሬ የሚሰጠውንና ኀይሉ የበረታውን ለመምረጥ ደከሙ፤ ከመረጧቸውም ዓይነቶች አንዱ ዓይነት 44 በሚል ቍጥር የታወቀው ነው። በአሜሪካም በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከሚገኙ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ጋር አክሊሉ ባደረጉት ምርምር፣ ቀንድ አውጣ ገዳዩ ንጥረ ነገር ከፍሬው ተለይቶ ወጣ፤ በእርሳቸውም ስም ሌማቶክሲን ተባለ።

ይህን ያህል ከተደረገ በኋላ እንዶድ በየአገሩ ይሠራበታል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ነገሩ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ገንዘብ ሰጪዎች፣ እንዶድ ለሰው፣ ለከብትና ለሌላው የውሃ ፍጥረት ጉዳት አለማምጣቱ በታወቀ የምርመራ ሥርዓት ይረጋገጥ አሉ። ጥያቄው በራሱ ቅን ነበረ፤ በወንዝ ላይ የሚጨመርን ነገር ሳይመረምሩ መፍቀድ አይገባምና። ነገር ግን እንዲህ ያለው ምርመራ ብዙ ገንዘብና ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ገንዘቡን የሚሰጥ ደግሞ ለብዙ ዓመታት አልተገኘም። ትርፍ የሚያገኝበት ነጋዴ በሌለበት፣ ድሀ ገበሬ በአጥሩ ሥር ሊያበቅለው ለሚችለው ፍሬ ማን ወጪ ያደርጋል? ከዚህም በላይ፣ አክሊሉ ለማ ራሳቸው በኋላ በአደባባይ እንደ ገለጹት፣ ጥርጣሬው በእንዶድ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በአፍሪካ ምድር፣ በአፍሪካውያን እጅ የተሠራ ሳይንስ ሊታመን ይችላልን የሚል ጥርጣሬም ነበረበት። ይህ ለአንድ ተመራማሪ መራራ ነገር ነው። አንድ ሰው ስሕተቱ ቢነገረው ሊያርም ይችላል፤ የተወለደበት አገር እንደ ስሕተት ሲቈጠርበት ግን ምን ብሎ ያርማል?

ዶክተር አክሊሉ ለዚህ የሰጡት መልስ ቅያሜ አልነበረም፤ ሥራ ነበረ። ከአብዮቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት በውጭ አገር በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ እየሠሩም የእንዶድን ነገር አልተዉትም። በ1980ዎቹ ዓመታት የአፍሪካ ተመራማሪዎች በጉዳዩ ላይ እየተሰበሰቡ ይመክሩ ጀመር፤ ከእነርሱም አንዷ በእንዶድ ኬሚስትሪ የደከሙት የስዋዚላንድ ተወላጅ ሊዲያ ማኩቡ ነበሩ። በካናዳ መንግሥት የምርምር ድርጅት ርዳታም፣ ለረጅም ጊዜ ሲጠየቅ የኖረው የጉዳት ምርመራ ተደረገ። ምርመራውም እንዶድ ዐይንን የሚያቃጥልና ዓሣን የሚገድል መሆኑን ሳይሸሽግ ገልጾ፣ በጥንቃቄ ከተያዘ ቀንድ አውጣን ለመከላከል ሊያገለግል እንደሚችል አመለከተ። በ1989 ዓ.ም. ለአክሊሉ ለማና ለለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስዊድን አገር የሚሰጠው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በአንድነት ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት አክሊሉ ለማ ከፊንላንዳዊው ሊቅ ከፔንቲ ማላስካ ጋር ሆነው፣ አፍሪካ ከረኃብ በኋላ ስለሚጠብቃት ዕድል የሚናገር መጽሐፍ ለሮም ክለብ አዘጋጅተው አሳተሙ።

በ1990 ዓ.ም. ደግሞ የእንዶድ ዕድል ባልታሰበ በኩል ተከፈተ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ፣ ቅርፊቱ እንደ ሜዳ አህያ የተዥጐረጐረ አንድ ትንሽ የውሃ ፍጥረት ከአውሮፓ በመርከብ ገብቶ፣ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ብዙ ጥፋት ያደርስ ነበር። አክሊሉ ለማ በኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ፣ ከዚያ ካሉት ሊቃውንት ጋር እንዶድን በዚህ ፍጥረት ላይ ፈተኑት፤ እንዶዱም ገደለው። ዩኒቨርሲቲውም በዚህ አገልግሎት ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። በዚህ ጊዜ ትልቅ ክርክር ተነሣ። እንዶድን ለዘመናት ጠብቀው ያቈዩት የኢትዮጵያ ገበሬዎችና ልብስ አጣቢዎች፣ ከዚህ የሚገኘው ጥቅም እንዴት ይደርሳቸዋል? የእንዶድ ነገር ከዚያ ወዲህ፣ የሕዝብ ዕውቀት የማን ነው የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቍጥር በየአገሩ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

አክሊሉ ለማ በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቸው በኢጣልያ በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የምርምር ማእከል ምክትል ኀላፊ ሆነው አገለገሉ። በ1997 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው አረፉ። አዲስ አበባ ውስጥ ያቋቋሙት ተቋም በኋላ በስማቸው ተሰይሞ፣ የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል።

ከዚህ ሕይወት ለተራው ሰው ጤና የሚወጣውን ትምህርት በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። እንዶድ የቢልሃርዚያ መድኀኒት ተብሎ የሚጠጣ ነገር አይደለም። ሥሩንና ፍሬውን ለኮሶ ትልና ለሌላም ነገር እየጠጡ የተጎዱና የሞቱ አሉ፤ ከዛፍና ከቅጠል የተገኘ ነገር ሁሉ የዋህ አይደለምና። በቢልሃርዚያ የተያዘ ሰው ወደ ሐኪም ሄዶ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን ኪኒን መውሰድ አለበት፤ ይህም መድኀኒት በትምህርት ቤቶች ለሕፃናት ይታደላል። ነገር ግን ኪኒን ብቻውን አይበቃም። ዛሬ የዳነው ልጅ ነገ ወደዚያው ወንዝ ከገባ፣ ትሉ እንደገና ይገባበታል። ስለዚህ ኪኒኑ ትሉን በሰው ውስጥ ይገድላል፤ መጸዳጃ ቤቱ ዕንቁላሉን ከውሃ ያርቃል፤ የጕድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ እግርን ከወንዝ ያድናል፤ ቀንድ አውጣን መከላከል ደግሞ የቀረውን መንገድ ይዘጋል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም፤ ሁሉም ተባብረው ሲሠሩ ግን በሽታው መግቢያ ያጣል። ከፋብሪካ የመጣውና ከአጥር ሥር የተለቀመው በጠላትነት የሚተያዩ አይደሉም፤ ሁለቱም በአንድ ሚዛን ተመዝነው እንደ ሥራቸው ስፍራቸው ሊሰጣቸው ይገባል።

ለመምህራን ደግሞ የዚህ ሰው ሕይወት ሌላም የሚነግራቸው ነገር አለ። ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ማዕርግ ይዘው በተመለሱበት ዓመት፣ አክሊሉ ለማ አዲሱን ነገር ያገኙት በወንዝ ዳር ተንበርክካ ከምታጥብ ሴት አጠገብ ነው። ያለ ትምህርታቸው የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ትርጕም ባላወቁ ነበር፤ ያለ ትሕትናቸውም ሴቲቱን እንዶድ ባልለመኗት ነበር። በየገጠሩ ትምህርት ቤት፣ እናቱ ልብስ የምታጥብበትን፣ አባቱ ከብት የሚያክምበትን ቅጠል የሚያውቅ ልጅ ተቀምጦ ይገኛል። ያን ዕውቀት ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ትቶ እንዲገባ ከተደረገ፣ ሲመረቅ አገሩን እንደ ባዕድ ያያታል፤ ሳይጠይቅ እንዲያምን ከተተወም፣ ዕውቀቱ ባለበት ይቀራል። የሚያውቀውን ይዞ እንዲመጣ፣ ያመጣውንም እንዲፈትን የሚያስተምረው መምህር ቢገኝ ግን፣ ከእነዚያ ልጆች መካከል አንዱ ነገ በአንድ ወንዝ ዳር ቆሞ ሌላው ያላየውን ሊያይ ይችላል።